የባንኩን ስልክ አላነሳም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁሌ አነባለሁ፣ አንድ ቀን ራሴ ጠያቂ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እኔና ባለቤቴ ቤት የገዛነው በባንክ ብድር ነው። የ20 ዓመት ብድር ነው፣ 3 ዓመት ከፍለናል። ያኔ ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነበርን። ባለቤቴ ከሥራ ከተቀነሰ 5 ወር ሆነው። መጀመሪያ ከቁጠባችን ከፈልን፣ ቀጥሎ ከእህቱ ተበደርን፣ ከዚያ ያለፈውን ወር ሳንከፍል ቀረን፣ ይሄኛውም ሊያልፍ ነው። ባንኩ ይደውላል፣ እኔ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ደብዳቤም መጥቷል፣ አልከፈትነውም። ባለቤቴ «ሥራ ሳገኝ አንድ ላይ እንዘጋዋለን፣ አሁን ሄደን ብንነግራቸው ቤቱን ይወስዱታል» ይላል። እውነት ነው? አንድ የምናውቀው ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያበድር አለ፣ ውዝፉን ዝጉበት ብሎናል። ምን ይመክሩኛል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደብዳቤውን ክፈቺው። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳን አትጠብቂ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እዚህ ዓምድ ላይ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለዓመታት የሠራሁት አንድ አበዳሪ ቤት ነው፣ ውዝፍ ብድር የሚከታተል ክፍል ውስጥ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ በፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዞ መጣ። 14 ናቸው። አንዱም አልተቀደደም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸውና «አንተ ክፈታቸው፣ የኔ እጅ እምቢ ብሏል» አለኝ። በቀን ቅደም ተከተል ደርድሬ መቅደድ ጀመርኩ። አንደኛውና ሁለተኛው ተራ ማስታወሻ ናቸው፣ የክፍያ ቀንዎ አልፏል ምናምን የሚሉ። ሦስተኛው ግን ለ6 ወር ግማሹን ብቻ እንዲከፍል የሚፈቅድ ነበር፣ አባሪውን ቅጽ ሞልቶ በ21 ቀን ውስጥ ከመለሰ። ደብዳቤው ከተጻፈ 8 ወር ሆኖታል። እኔ አነበብኩለት፣ እሱ ሰማኝ፣ ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። እኛም ቤት ጥፋት አልጠፋም። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ይህ ሰው ደብዳቤው ደርሶታል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሠራተኛ አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ፍርሃት እንምጣ። ይገባኛል፣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባንኩ አለመክፈላችሁን ከእናንተ አፍ አይጠብቅም፤ ቀኑ ባለፈ ማግስት ሲስተሙ ላይ ይታየዋል። የማያውቀው ለምን እንዳልከፈላችሁ ነው። እናንተ ዝም ስትሉ ምክንያቱን ራሱ ይገምታል፣ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «መክፈል አልፈለጉም» የሚል ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የተባለው ለዕዳ አይደለም። ለዕዳ የሚሆነው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ነው።

ባንኩ ለቤታችሁም ያን ያህል አይጓጓም። ሥራው ገንዘብ ማበደር ነው። ቤት በሐራጅ ለመሸጥ አስገምቶ፣ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ እንደየአገሩ ሕግ ፍርድ ቤት ተመላልሶ፣ ገዢ ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከ«ሀ» መጀመር አለበት። የሐራጅ ገዢም ርካሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በወር በወር የሚከፍል ተበዳሪ፣ አሳንሶም ቢከፍል፣ ለባንኩ ይሻለዋል። ይህ ማለት ግን ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል ማለት አይደለም።

ቀን ይቆጠራል። ብዙ አገር ያሉ ባንኮች የሚከተሉት አይ ኤፍ አር ኤስ 9 የሚባል የሒሳብ አያያዝ ደረጃ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ። በዚህ ደረጃ መሠረት ክፍያው ከ30 ቀን በላይ የዘገየ ብድር ስጋቱ ጨምሯል ተብሎ ይታሰባል፤ 90 ቀን ካለፈው ደግሞ፣ ባንኩ በቂ ማስረጃ ይዞ ካልተከራከረ በቀር፣ እንደተበላሸ ይቆጠራል። ለተበላሸ ብድር ባንኩ ከፍ ያለ መጠባበቂያ መያዝ አለበት፣ ያ ደግሞ ትርፉን ይበላበታል። እኔ በሠራሁበት ቤት 90 ቀን የሞላው ፋይል ከብድር ኦፊሰሩ እጅ ወጥቶ ወደ ሕግ ክፍል ይሄድ ነበር። ኦፊሰሩ «እስቲ ምን እናድርግ?» የሚል ሰው ነው። ሕግ ክፍል ያለው ሰው የሚጽፈው ማስጠንቀቂያ ነው። አንቺ ገና 60 ቀን አልሞላሽም። ፋይልሽ አሁንም ኦፊሰሩ ጋ ሊሆን ይችላልና ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ነገ ደውዪና ቀጠሮ ያዢ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። አንድ ወረቀት ውሰጂ፣ አንድ ገጽ ብቻ። ከላይ በየወሩ የሚገባው፦ ያንቺ ደመወዝ፣ ባለቤትሽ የሚያገኘው ትርፍራፊ ሥራ ካለ እሱ። ከሥሩ የሚወጣው፦ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ትምህርት ቤት፣ መብራትና ውሃ፣ ለእህቱ የምትመልሱት። ታች ላይ የሚተርፈው። ቁጥሮቹ እውነተኛ ይሁኑ። ምግብ የሚለው ቦታ ላይ አንድ ቤተሰብ ሊኖርበት የማይችል ቁጥር አስገብቶ የሚመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ባንኩን ለማስደሰት ብሎ፤ ከ2 ወር በኋላ ቃሉን ያጥፋል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የሚያምነው የለም። ከወረቀቱ ጋር ባለቤትሽ ከሥራ የተቀነሰበትን ደብዳቤ አያይዢ። ሥራ እየፈለገ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ካለም ጨምሪበት።

ከዚያ «እባካችሁ እርዱን» ብለሽ ብቻ አትቁሚ። «በየወሩ ይህን ያህል እስከዚህ ወር ድረስ መክፈል እንችላለን፣ ቀሪውን እንዴት እናድርገው?» በዪ። ይህች ጥያቄ ወሬውን ከልመና ወደ ሒሳብ ታወጣዋለች።

ሒሳቡን እኔም ትንሽ ልግባበት፣ ምክንያቱም ባንኩ የሚያቀርብልሽ ነገር ሁሉ እኩል አይደለም። ለስሌት እንዲመች ቀሪ ዕዳሽ 1,000,000 ነው፣ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ፣ ቀሪ ጊዜው 20 ዓመት ነው እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 11,011 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ወር 10,000ው ወለድ ነው። ዋናውን ብድር የሚቀንሰው 1,011 ብቻ ነው። አዎ፣ እኔም መጀመሪያ ሳየው ደንግጫለሁ። እንግዲህ «ለጊዜው ወለዱን ብቻ ክፈሉ» ቢሏችሁ ከ11,011 ወደ 10,000 ነው የሚወርድላችሁ። ሥራ ላጣ ሰው ይህ እፎይታ አይባልም።

«ጊዜውን እናራዝምላችሁ» ቢሉስ? 20ውን ዓመት 30 ብታደርጉት ክፍያው 10,286 ይሆናል። 725 ለማትረፍ ተጨማሪ 10 ዓመት! ወለዱ 5 በመቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፣ ከ6,600 ወደ 5,368 ይወርዳል፣ ያ ይታያል። ወለዱ ከፍ ባለ ቁጥር ጊዜ ማራዘም ብዙም አይጠቅምም። ስለዚህ ኦፊሰሩ ፈገግ ብሎ «አራዘምንላችሁ» ሲል ቶሎ አትፈርሚ፣ «ክፍያው ስንት ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ።

ለእናንተ የሚሻለው ይመስለኛል የተወሰነ ወር ክፍያውን መቀነስ ነው፣ ችግራችሁ ጊዜያዊ ነው ብላችሁ ካመናችሁ። ግን እሱም ነጻ አይደለም። ለ6 ወር ጨርሶ ባትከፍሉ ወለዱ ዋናው ላይ እየተደመረ 1,000,000ው 1,061,520 ይሆናል። ግማሹን እየከፈላችሁ ብትቆዩ ግን 1,027,650 ገደማ ነው። ልዩነቱ ያንቺ ደመወዝ የሚሸፍነው ግማሽ ክፍያ ነው። ከቻላችሁ ግማሹን ክፈሉ። ካልቻላችሁ ደግሞ ሩቡን፤ ከምንም ይሻላል፣ ደግሞም ስትነጋገሩ ስቴትመንቱ ላይ በየወሩ የገባ ነገር መታየቱ ብዙ ይናገርላችኋል።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይመለስልሽ። ያልተከፈለው ወለድ ዋናው ላይ ነው የሚደመረው ወይስ መጨረሻ ላይ ለብቻው ይከፈላል? በእፎይታው ጊዜ የመዘግየት ቅጣቱ ይቆማል ወይስ ይቆጥራል? እፎይታው ሲያልቅ ወርሃዊ ክፍያው ስንት ይሆናል? የቅጣቱን ነገር ለማንሳት አትፍሪ፣ ወለድ የማይቀንስ ባንክ እንኳን ቅጣት ላይ ለድርድር ልቡ ሊከፈት ይችላል። በስልክ ከተነጋገራችሁ ያው ማታ በኢሜይል «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብለሽ ጻፊላቸው፣ የሰውየውን ስምና ቀኑን ጨምሪ። ያ ኦፊሰር ነገ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ብድሩን ስትወስዱ የኢንሹራንስ ውል ፈርማችሁ ይሆናል። ቤቱን ከእሳት የሚጠብቀውን አይደለም የምልሽ፤ አንዳንዱ ብድር ተበዳሪው ቢታመም፣ ቢሞት ወይም ሥራ ቢያጣ የሚከፍል መድን አብሮት ይመጣል፣ ዓረቦኑም ከወርሃዊው ክፍያ ጋር ሳታስተውሉት ይቆረጣል። የውሉን ፋይል አውጥታችሁ እዩ። የቤቱን ኢንሹራንስ ደግሞ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳታቋርጡት፣ ባንኩ ራሱ ገዝቶ በእናንተ ሒሳብ ላይ ሊጭነው ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይወደዳል።

ወደዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ያበድራል ወደተባለው ሰው ስመጣ መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። ቤት መያዣ ያለው ብድር ብዙ ጊዜ ሰው ከሚኖረው ዕዳ ሁሉ ርካሹ ነው። ርካሹን ዕዳ በውዱ መዝጋት ሒሳብ አይደለም። «በወር 5 በመቶ ብቻ» ሲባል ትንሽ ትመስላለች። ሳይከፈል እየተደመረ ከሄደ ግን በዓመት ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ደግሞ ለመያዣ ምን ይጠይቃችኋል? ከእናንተ ጋ የቀረው ቤቱ ብቻ ነው።

ባንክ ስትሄጂ ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ። ብድሩ ላይ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ከሆነ ሁለታችሁም ልትሰሙት ይገባል፣ ደግሞም «ይወስዱታል» የሚለው ፍርሃት የሚቀንሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከሰውየው ጋር ሲያወራ ነው።

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ቤት ሲገዛ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። አሁን ወንድሜ መክፈል አቅቶት ባንኩ ለእኔ ደብዳቤ ጻፈ። ወንድሜ «አንተን አይነኩህም፣ ቤቱ አለ አይደል» ይለኛል። እሱ ገንዘብ ስጠኝና እኔ ልክፈል ይላል። ልስጠው? (ዋሱ)

መልስ፦ አባቴ፣ በእጁ አይስጡት። ወንድምዎን ልጠረጥርብዎ አይደለም፣ የተጨነቀ ሰው ገንዘብ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍለው በር ላይ ቆሞ ለሚጮህበት ስለሆነ ነው። ለመክፈል ከወሰኑ በቀጥታ ወደ ብድሩ ሒሳብ ያስገቡ፣ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይሁን። ዋስ ሆኖ የከፈለ ሰው የከፈለውን ከዋናው ተበዳሪ መልሶ የመጠየቅ መብት በአብዛኛው ሕግ አለው፣ ያለ ደረሰኝ ግን መብቱ ወሬ ይሆናል።

ከዚያ በፊት የዋስትና ውሉን ያውጡና ሁለት ነገር ይፈልጉበት። አንደኛ፣ ዋስትናው ጣሪያ አለው? እስከዚህ መጠን ድረስ የሚል ቁጥር ካለ ከዚያ በላይ ሊጠየቁ አይገባም። ሁለተኛ፣ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ወንድምዎ የነገሩዎት ልክ አይደለም። ይህ ሐረግ ካለ ባንኩ በአብዛኛው ቤቱን መጀመሪያ ሽጦ፣ የጎደለውን ነው ወደ እርስዎ የሚመጣው የሚባል ነገር የለም፤ ከፈለገ ከእርስዎ ሊጀምር ይችላል። ሐረጉ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ተበዳሪው ይሂዱ ብሎ የመከራከር ዕድል ሊኖርዎት ይችላል።

ደብዳቤውንም ዝም አይበሉት። የብድሩን ሙሉ ስቴትመንት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዋናው፣ ወለዱ፣ ቅጣቱ ተለያይቶ። ባንኩና ወንድምዎ ብድሩን እንደገና ሊያዋቅሩ፣ ማለትም የአከፋፈሉን ውል ሊለውጡ፣ ከተስማሙ እርስዎም እንዲፈርሙ ሊጠየቁ ይችላሉ። ያኔ ይጠንቀቁ፣ አዲስ ፊርማ ዕድሜውንም መጠኑንም ያረዘመ አዲስ ዋስትና ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ሳያዩት እስክሪብቶ አያንሱ። ቤተሰቡ ቅር ቢለውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ካለፈ በኋላ ነው የምጽፈው። የሐራጅ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ 5 ሳምንት ቀርቷል። አንድ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ «ስሙን ወደ እኔ አዙርልኝ፣ ዕዳውን እዘጋልሃለሁ፣ አንተ ተከራይተህ ትኖራለህ፣ ሲመችህ መልሰህ ትገዛዋለህ» አለኝ። ደክሞኛል። ወይ ለሱ ልስጥ ወይ ቁልፉን ለባንኩ ወርውሬ ልገላገል? (የደከመው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል፣ ግን ሁለቱንም አታድርግ።

ሰውየው ቤትህን እንዴት አወቀ? ማስታወቂያውን አንብቦ ነው። ስሙ ወደሱ ከዞረ በኋላ ዕዳውን ባይዘጋስ? ቤቱ የሱ፣ ዕዳው ያንተ ሆኖ ይቀራል። ዘግቶስ ቢሆን፣ ኪራዩን አንድ ወር ስታዘገይ ተከራይ ነህና ያስወጣሃል፣ «መልሰህ ትገዛለህ» ያለው ደግሞ በቃል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባንኩ መያዣ የያዘበትን ቤት ያለ ባንኩ ፈቃድ አዛውራለሁ የሚል ሰው ራሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እየነገረህ ነው።

ቁልፍ መወርወርም መገላገል ላይሆን ይችላል። በአንዳንድ አገር ወይም በአንዳንድ ውል ቤቱን ማስረከብ ዕዳውን ይዘጋል፣ በብዙ ቦታ ግን ቤቱ እስኪሸጥ ወለዱ ይቆጥራል፣ የሽያጭ ወጪውም ይጨመራል፣ የጎደለውን አምጣ ትባላለህ። አስረክባለሁ ካልክ እንኳን «ከዚህ በኋላ ምንም ዕዳ የለበትም» የሚል የተፈረመ ወረቀት ሳትቀበል ቁልፉን ከኪስህ አታውጣ።

5 ሳምንት ትንሽ ነው፣ ግን ቤት ራስህ ለመሸጥ መሞከር ይቻላል። ሒሳቡን እይ፦ ዕዳህ 1,100,000 ቢሆንና ቤቱን ተረጋግተህ በ1,500,000 ብትሸጠው 400,000 ይተርፍሃል። ሐራጅ ላይ በ1,150,000 ቢሄድ የሐራጁ ወጪ ሲነሳ ምን ሊተርፍህ ነው? በነገራችን ላይ ከሐራጅም ቢሆን ዕዳውና ወጪው ተከፍሎ የሚተርፈው፣ ሌላ ባለዕዳ ካልያዘው፣ ያንተ ነው። ስንቱ ሰው ሳይጠይቅ እንደቀረ አውቃለሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ባንክ ሂድና የመዝጊያ ሒሳብ፣ ማለትም ዕዳውን ጨርሶ ለመዝጋት የሚያስፈልገውን መጠን፣ ጠይቅ፣ እስከየትኛው ቀን የሚያገለግል ቁጥር እንደሆነ ተጽፎበት። ራስህ ልትሸጥ እንደምትፈልግ የሚገልጽ ማመልከቻ አስገባ፣ የገቢ ማህተም የተመታበት ኮፒ ይኑርህ፣ ሐራጁን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያዘገዩ ጠይቅ። ግዴታ የለባቸውም፣ ግን እውነተኛ ገዢ በስሙና በቅድሚያ ክፍያው ይዘህ ከቀረብክ ፊታቸው ይቀየራል። ገዢው ገንዘቡን ላንተ አይስጥህ። ዕዳውን ያህል በቀጥታ ለባንኩ ይክፈል፣ ባንኩ መያዣውን ይልቀቅ፣ ትርፉን ላንተ፣ ሁሉም በአንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ። ማስታወቂያው ላይ መቃወሚያ የሚቀርብበት ቀን ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ጠበቃ አሳየው፤ የቤቱ ግምት፣ የማስጠንቀቂያው አደራረስ ወይም የዕዳው መጠን ላይ ስህተት ከተገኘ አንዳንዴ የሚያተርፈው ጊዜ ገዢ ለማግኘት ይበቃል።

ያ ሰውዬ እንደገና ከመጣ በሩ ላይ አቁመህ «በባንኩ በኩል ግዛ» በለው። እውነት ገዢ ከሆነ ይሄዳል፣ ይጠይቃል። ካልሆነ ሁለተኛ አታየውም።